ግቢ ውስጥ የተማሪ ጋለሪ ስትይዙ፦ ከመዝገቡ እስከ ስቱኮው

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ግቢ ውስጥ ሆናችሁ የተማሪ ጋለሪ ለመክፈት ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። ከተመራቂዎች አንድ ቁልፍና አንድ ካርቶን ተቀብላችሁ «አሁንስ ከየት እንጀምር?» ያላችሁም አትጠፉም። ይህ መመሪያ ለሁለታችሁም ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የተማሪ ጋለሪ በሥራ እጦት አይዘጋም። ጎጃም ውስጥ የሚሠራ እጅ ሞልቷል። ምሕንድስና እየተማረ ሌሊቱን ሲስል የሚያድር አለ። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም ውስጥ ልብስ የሚነድፉ አሉ። እናቷ ሥር ቁጭ ብላ አገልግል ስትሰፋ ያደገች አለች። ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጣ፣ ብራና መዳመጥ የሚችልም አይጠፋም። ጋለሪ የሚዘጋው ሰው አምኖ የሰጠው ሥራ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ነው። ወሬው በአንድ ምሽት ዶርም ለዶርም ይዞራል። ከዚያ በኋላ ማንም ሥራውን አያመጣላችሁም። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ መዝገብ፣ ስለ ሚስማርና ስለ እርጥበት ብዙ እላለሁ። ስለ ውበት ግን ትንሽ።

መጀመሪያ ክፍሉ

በግል ከመሯሯጥ ክለብ ሆኖ መመዝገብ ይቀላል። ተማሪዎች ዲን ዘንድ የምታስገቡት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የትኛውን ክፍል እንደምትፈልጉ፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ኃላፊው ማን እንደሆነና አማካሪ መምህራችሁ ማን እንደሆነ ይናገር። አማካሪ መምህር ሳትይዙ አትሂዱ። «ነገ ተመለሱ» የሚለው መልስ መምህር ባለበት ቶሎ አይወጣም።

ክፍል ስትመርጡ ስፋቱ አያታልላችሁ። ሰው የማይደርስበት ትልቅ አዳራሽ ከምትይዙ የቤተ መጻሕፍት ኮሪደር ይሻላችኋል። በኮሪደሩ በቀን ብዙ ሰው ያልፋል፤ አዳራሹን ግን እናንተ ብቻ ናችሁ የምታዩት። ማየት ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ በሩ ይቆለፋል ወይ? መስኮት ያልቆረጠው አንድ ረጅም ግድግዳ አለ ወይ? ያፈሳል ወይ? ክፍሉን የሰጧችሁ መጋቢት ላይ ከሆነ ዝናብ ስለሌለ ሦስተኛውን በዓይን አታዩትም። ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ቡናማ ክብ ካለበት አምና ክረምት አፍስሷል፣ ዘንድሮም ያፈሳል። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይም አንድ ጊዜ ግቡና ፀሐይዋ የትኛውን ግድግዳ እንደምትመታ እዩ። ያ ግድግዳ ለወረቀት ሥራ አይሆንም።

ቁልፉ ሁለት ይሁን። አንዱ እናንተ ጋር፣ አንዱ በታሸገ ፖስታ ቢሮ። ሦስተኛ ቁልፍ ካስቀረጻችሁ የማን እጅ እንዳለ የምታውቁት ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው።

መዝገቡ ከሚስማሩ ይቅደም

ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ግዙ። ቴሌግራም ላይ የተላከ ፎቶ መዝገብ አይደለም። ስልክ ይሰረቃል፣ አካውንት ይዘጋል፣ ተማሪ ይመረቃል።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ስጡት። ተራ ቁጥር፣ የሠሪው ስምና ስልክ፣ የሥራው ርዕስ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ከምን እንደተሠራ፣ መጠኑ። መጠን ሲጻፍ ቁመት ይቀድማል፣ ወርድ ይከተላል፤ ይህን ካልተስማማችሁ የቆመው ሥዕል በወረቀት ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ሥራው ሲመጣ የነበረበት ሁኔታ ይጻፋል። እዚህ ጋ ይሉኝታ አያስፈልግም። «ከታች ቀኝ ጥግ ቀለሙ ተፍቋል፣ ሁለት ጣት ያህል»፣ «ፍሬሙ ከላይ ተሰንጥቋል»፣ «ጀርባው ላይ የውሃ ምልክት አለ» ብላችሁ ጻፉ። ባለቤቱ አጠገባችሁ ቆሞ ያንብበውና ይፈርም። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱ። ብዙ ሰው ጀርባውን ይረሳል። ስሙ፣ ቀኑ፣ አንዳንዴም ሥዕሉ ከየት እንደተቆረጠ የሚታየው ግን ከጀርባ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ እነዚህ ይጨመሩ፦ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ፎቶ ተነሥቶ ቢለጠፍ ይፈቅዳል ወይ፣ ሥራውን መቼ ይወስዳል። የፎቶው ጥያቄ የይስሙላ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን የማባዛት መብት የሠሪው ነው። ሥዕሉ ግድግዳችሁ ላይ ስለተሰቀለ ብቻ ፖስተር ልታደርጉት አትችሉም። ስሙ አብሮት እንዲጠራ የመጠየቅ መብትም አለው።

ሥራው ከግቢ ውጭ የሚመጣ ከሆነ በር ላይ ሲገባ ይመዝገብ። ሲገባ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲወጣ አበሳ ነው። ጥበቃው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የታሸገ ነገር ይዞ የሚወጣን ሰው ማስቆም ሥራው ነው። የንብረት መውጫ ወረቀቱን ከአንድ ቀን በፊት አስፈርሙ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፈራሚ ፍለጋ አትሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለጎጃም በተለይ። አንድ ቀን አንድ ሰው ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ወይም አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጨርቅ ጠቅልሎ «አሳዩልኝ» ወይም «ግዙኝ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። አትቀበሉ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ ከየት እንደወጣ ሳይታወቅ ክፍላችሁ ውስጥ ከተገኘ ጣጣው የእናንተ ነው። በትሕትና መልሱትና ለአማካሪ መምህራችሁና ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቁ።

ጥሪና ምርጫ

ጥሪውን መመገቢያ አዳራሹ በር ላይና ቴሌግራም ላይ አውጡ። ሦስት ሳምንት ይበቃል። ጊዜውን ግን ከፈተና ካሌንደር ጋር አስታርቁ። ፋይናል ሊደርስ ሲል የሚከፈት ኤግዚቢሽን ጎብኚም ተረኛም አያገኝም። የሚመቸው ከሚድ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

መራጮቹ ጎዶሎ ቁጥር ይሁኑ፤ ሦስት ወይም አምስት። ስሞቹ ተሸፍነው ይመረጥ። ግቢ ውስጥ ሁሉም ሰው የአንዱ የዶርም ጓደኛ ወይም የአገር ልጅ ነው፤ ስም ሲሸፈን ሐሜቱ በግማሽ ይቀንሳል። ላልተመረጠው በቴሌግራም «ይቅርታ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። ጠርታችሁ ሥራውን ፊት ለፊት አስቀምጡና ምክንያቱን ንገሩት። «ሥዕልህ ጥሩ ነው ግን...» ብሎ መሸፋፈን ከስድብ ይብሳል። «ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱን መርጠህ አምጣ» ቢባል ልጁ የሚሠራው ነገር አገኘ።

መንፈሳዊ ሥዕል ከገባ ቦታውን አስቡበት። የሚሳለመው ጎብኚ ይመጣል። ከወለል አጠገብ፣ በር ጀርባ ወይም መጸዳጃ ቤት አዋሳኝ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ራቁት ገላ የሚያሳይ ሥራ ከተመረጠ ደግሞ ከመግቢያው ፊት ለፊት አትስቀሉት። ወደ ውስጥ አድርጉትና በር ላይ በአንድ መስመር አሳውቁ። ይህን ሳንሱር የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ሥራው እስከ መጨረሻው ቀን ግድግዳው ላይ እንዲቆይ የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል።

ማጓጓዝ

ከአዲስ አበባ ሥራ የምታስመጡበት ጊዜ ይኖራል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቁ የጎጃም ልጆች ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። አክሪሊክ ቀለም ሲሞቅ ይለሰልሳል። በላስቲክ ተጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ከተጫነ ላስቲኩ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል፤ ስትልጡት ቀለሙም ይነሣል። ላስቲክ ቀለሙን በቀጥታ አይንካ። መጀመሪያ ለኬክ መጋገሪያ የሚነጠፈውን የማይጣበቅ ወረቀት አልብሱት፣ ከዚያ ካርቶን፣ ላስቲኩ ከሁሉም ውጭ።

ሸራው ከፍሬሙ ወጥቶ የሚጠቀለል ከሆነ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ሰው ሁሉ «እንዳይነካ» ብሎ ወደ ውስጥ ያደርገዋል። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። የምትጠቀልሉበት ቱቦም ወፈር ያለ ይሁን፤ ቀጭን ቱቦ አይሆንም። ጨርቅ ቤቶች የጣቃ ካርቶን ቱቦ ይጥላሉ፣ ጠይቁ፣ በነጻ ይሰጧችኋል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታጣሩ ደግሞ የሰው ሥራ አታስጭኑ።

መስቀል

ከመስቀላችሁ በፊት ሥራዎቹን በሙሉ ወለል ላይ፣ ግድግዳው ሥር ደርድሩ። ካርቶን አንጥፉላቸው። ለአንድ ሌሊት እንዲያ ይደሩና ጠዋት ተመልሳችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ሦስት አራቱ ቦታ ይቀያየራሉ። ትልቁን ሥራ ከበሩ ሲገባ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አድርጉ። ትንንሾቹን ሰብሰብ አድርጓቸው። በሁለት ትንንሽ ሥዕሎች መሐል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ትልልቆቹ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋሉ።

አሁን ልኬቱ። የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዋል። ልብ በሉ፣ መሐሉ ነው እንጂ ጫፉ አይደለም። ሁሉም ሥዕል መሐሉ አንድ መስመር ላይ ከዋለ መጠናቸው ቢለያይም ግድግዳው የተረጋጋ ይመስላል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚጎበኙ ከሆነ ወደ 140 አውርዱት።

ሚስማሩ የት ይመታ? እንዲህ ነው የሚሰላው። ሥዕሉ 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው እንበል። ግማሹ 40 ነው። ከጀርባው ያለውን ሽቦ በጣታችሁ መሐሉ ላይ ወደ ላይ ሳቡት፣ የሚሰቀል ያህል። ከሽቦው ጫፍ እስከ ፍሬሙ የላይ ጠርዝ ለኩ። 8 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ከ40 ላይ 8 ሲቀነስ 32። 150 ላይ 32 ሲደመር 182። ሚስማሩ ከወለል 182 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ቁጥሩን በእርሳስ ሥዕሉ ጀርባ በተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ፍሬሙ ላይ አትጻፉ።

ሽቦው የሚታሰርባቸውን ሁለት ቀለበቶች ከላይኛው ጠርዝ የቁመቱ ሲሶ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ እሰሯቸው። ከዚያ በታች ከሆኑ ሥዕሉ ከላይ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከበድ ላለ ሥራ በአንድ ፈንታ ሁለት መስቀያ፣ እኩል ከፍታ ላይ። በውሃ ልክ አረጋግጡ። ዓይን ያታልላል፣ በተለይ ኮርኒሱ ራሱ የተዛነፈ ከሆነ።

የግቢ ግድግዳ አብዛኛው ብሎኬት ነው፣ ላዩ ተለስኗል። የኮንክሪት ሚስማር በመዶሻ ስትመቱበት ልስኑ ተፈርክሶ ይወርዳል። ቢሮ ያለ ሰው ያን ካየ የሚቀጥለው ደብዳቤያችሁ አይፈረምም። የሚሻለው በድሪል በስቶ ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ አጥብቆ የሚይዘውን ፕላስቲክ፣ መክተት ነው። 6 ሚሊ ሜትር መብሻ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የምትበሱበት ቦታ ላይ መጀመሪያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ልስኑ እንዳይላጥ። ከሥሩ ደግሞ አሮጌ ፖስታ አፉን ከፍታችሁ ለጥፉ፣ አቧራው እዚያው ይግባ። ከመብሳታችሁ በፊት የመብራት ሶኬቱንና ማብሪያ ማጥፊያውን እዩ። ከነሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይም ሆነ ወደ ጎን ባለው መስመር አትብሱ፣ ገመዱ በዚያ ነው የሚያልፈው።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ግን በየኤግዚቢሽኑ ግድግዳ አልበሳም። በያጅ ጋ ሄዳችሁ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ) አስቆርጡ። ኮርኒሱ ሥር፣ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ጊዜ በደንብ ይታሰር። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ ሁሉ ከቱቦላሬው በቀጭን ሽቦ ይንጠለጠላል። ወጪው መጀመሪያ ከበድ ይላል። ግን ከአምስት ዓመት በኋላም ግድግዳው ደህና ነው፣ እናንተም ከጥገና ክፍል ጋር ፍቅር ናችሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ በዓሣ አጥማጆች ናይለን ትጎመጁ ይሆናል፣ አይታይምና ያምራል። ለቀላል ወረቀት ሥራ ይሁን። ናይለን ክብደት ሲቆይበት ይረዝማል፣ ቋጠሮውም እየዋለ እያደረ ይሾልካል።

ሰፌድ፣ አገልግል፣ የተሸመነ ጋቢ ከመጣላችሁ በሚስማር አትውጉት። ጋቢው ወፈር ባለ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ዘንግ ላይ ይደረብ። አገልግል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ግን ግድግዳው ላይ እንዳለው ሥዕል ሁሉ የሠራችው ሰው ስም ይጻፍለት። «የአካባቢው ባህላዊ ዕቃ» ብሎ ማለፍ የለም። እጅ የሠራው ነው፤ እጁም ባለቤት አለው።

ብርሃንና ክረምት

ፀሐይ ቀለም ትበላለች። ይህን የማያምን ጓደኛ ካላችሁ ቀይ ወረቀት ግማሹን በካርቶን ሸፍኖ መስኮት ላይ ይተወውና ከወር በኋላ ይየው። በፍጥነት የሚጎዱት የወረቀት ሥራዎች፣ በእስክሪብቶ የተሣሉ፣ የውሃ ቀለምና በተፈጥሮ ቀለም የተነከሩ ጨርቆች ናቸው። ሙዚየሞች ለእነዚህ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ብርሃን ብቻ ይፈቅዳሉ፣ ለዘይት ቀለም እስከ 200። የስልክ አፕሊኬሽን በግምትም ቢሆን ይለካላችኋል። መስኮቱን በአቡጀዲ ጋርዱ። አምፖል ስትገዙ ኤልኢዲ ይሁን፣ ሙቀቱ አነስተኛ ነው። ከኮርኒሱ ዘመም ብሎ ይብራ፤ ፊት ለፊት ከሆነ መስተዋት ያለው ፍሬም ላይ ጎብኚው የሚያየው ራሱን ነው።

መብራት ይሄዳል። ሁለት ቻርጅ የሚደረጉ መብራቶች ሁልጊዜ ሞልተው ይቀመጡ። ሻማ ሥዕል ባለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አይገባም።

ክረምቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ዘጌ ሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ካያችሁ፣ ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ግድግዳው ሲረጥብ አብሮ የሚጎዳው ጨርቁ ነው። እናንተ ጋ ያለውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የገበያ ሸራ ውድ ስለሆነ ብዙው ተማሪ የሚስለው አቡጀዲ ላይ ነው። አቡጀዲ ዝናብ ሲበዛ ይረግባል፣ ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ጀርባው ይሻግታል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ካለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ትንንሽ ቁራጭ ቁረጡና ከፍሬሙ ጀርባ ታች ጥግና ጥግ ለጥፉ። ሥዕሉ ከግድግዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ አየር ይግባው።

ስቶር የሚቀመጥ ሥራ ወለል አይንካ። ጣውላ ደርድሩና ላዩ ላይ አቁሟቸው፣ ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ፣ መሐላቸው ካርቶን። አታጋድሟቸው። ላስቲክ ውስጥ አፍናችሁ አትዝጉባቸው፣ እርጥበቱ እዚያው ታስሮ ይሻግታል። አሮጌ አንሶላ ይሻላል። በየሳምንቱ የፍሬም እንጨቱን ሥር እዩ። የአፈር ዱካ ካያችሁ ምስጥ ነው፤ ያን ዕለቱኑ ከክፍሉ አውጡት።

መግለጫ ካርዱ

ካርዱ ከሥዕሉ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ ይለጠፍ። አማርኛው ይቅደም፣ ፊደሉ ተለቅ ይበል። መነጽር የረሳ አባት ጎንበስ ሳይል ማንበብ አለበት። የሚበቃው ይህ ነው፦

የሠሪው ስም
«ገበያ መልስ»፣ 2016 ዓ.ም.
አክሪሊክ በአቡጀዲ ላይ፣ 80 በ60 ሳ.ሜ.

ማብራሪያ ካስፈለገ ከአምስት መስመር አይብለጥ። «ይህ ሥዕል የሰው ልጅን ውስጣዊ ትግል ያንጸባርቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ሥዕል ይሆናል፣ ስለዚህ ለየትኛውም አይሆንም። ይልቅ ሥዕሉን የሚያይ ሰው በዓይኑ ሊያገኘው የማይችለውን ጻፉ። ቀለሙን ከምን እንዳወጣችው፣ ጨርቁ የማን ነጠላ እንደነበረ፣ የትኛው ገበያ እንደሆነ። ርዕስ የሌለውን ሥራ ርዕስ አታውጡለት። የፊደል ግድፈት ባለቤቱ ራሱ አንብቦ ያርም፤ በተለይ የራሱን ስም።

መክፈቻው

አጭር ይሁን። ንግግር ሦስት ሰው፣ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። ቡናና ፈንዲሻ ይበቃል፣ ግን ጀበናውም ከሰሉም ከክፍሉ ውጭ። ጭሱ ሥዕል ላይ ያርፋል። ጾም መሆኑን አይታችሁ ኩኪሱን ግዙ። የክብር እንግዳው ሲዘገይ ሠሪዎቹን በር ላይ አታቁሟቸው፤ ጎብኚ ማስገባት ጀምሩ።

ተረኛ መሆን

የጋለሪ ሥራ አብዛኛው ቁጭ ማለት ነው። ተረኛ ሁለት ሁለት ይመደብ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። አንዱ ውሃ ሽንት ቢል ክፍሉ ባዶ አይቀርም። ሰው የሚመጣው ከምሳ በኋላና ከክፍል ሲወጣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ጠዋት ባትከፍቱም አይጎዳችሁም። ሰዓት እላፊ ካለ መዝጊያችሁን ከሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድሙ።

ተረኛው ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን ዞሮ ይቆጥር። ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን ጽፎ ይፈርም። ሲወጣም እንደዚያው። አሰልቺ ነው። አንድ ነገር ሲጎድል ግን መቼ እንደጎደለ የሚያውቀው ያ ገጽ ብቻ ነው።

ቦርሳ በር ላይ ይቀመጥ። ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ፣ ባለቤቱ ዞር ሲል፣ ከእጅ ይልቅ ብዙ ሥዕል ይፍቃል። ጣቱን ወደ ሥዕሉ የሚሰድ ሰው ስታዩ አትጩኹበት። ጠጋ በሉና «እስኪ ከዚህ ጋ ሆነው ይዩት፣ በደንብ ይታያል» በሉት። እጁን ይመልሳል፣ አያፍርም።

ምረቃ ሰሞን ከገጠር የሚመጡ ወላጆች ይገባሉ። እንበል አንድ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቅርጹ የማይታወቅ ቢጫና ጥቁር ሥዕል ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ይኸ ምኑ ነው?»

«አባቴ፣ እስኪ እርስዎ ምን ታየዎት?»

«እኔማ የተቃጠለ ክምር ይመስለኛል።»

«የት ጋ ነው የተቃጠለ የመሰለዎት?»

ያኔ ከዘራቸውን አንሥተው ያሳያሉ። ከዘራውን በዓይናችሁ ያዙት እንጂ ጨዋታውን አታቋርጡ። «አይ አባቴ፣ ይኼ እንኳ ረቂቅ ሥዕል ነው» ካላችኋቸው ግን «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ይወጣሉ። ቅኔ የሚቀኝና የሚፈታ ሰው ባለበት አገር ነው ያላችሁት። የቅኔ ቤቶቹ ዲማም ዋሸራም ሩቅ አይደሉም። ወርቁ የቱ ጋ እንደሆነ የሚጠይቃችሁ ይመጣል። ካላወቃችሁ «ሠሪዋን እንጠይቃት» በሉና ስልክ ደውሉ። የሠራችው ልጅ መጥታ ስታወራ ማየት ከሁሉም ማብራሪያ ይበልጣል።

«ስንት ቀን ፈጀባት?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። አትናቁት፣ መልሱን አስቀድማችሁ ከሠሪው ያዙ።

ሽያጭ

የተማሪ ክለብ ገንዘብ በእጁ ባይዝ ይመረጣል። ገንዘብ መቀበል የራሱ ደረሰኝና የራሱ ፋይናንስ ሥርዓት አለው። የሚቀለው ገዢው ለሠሪው በቀጥታ መክፈሉ ነው፣ በቴሌብር ወይም በባንክ፣ እዚያው ተረኛው ባለበት። መዝገቡ ላይ ዋጋው፣ ቀኑና የሁለቱም ፊርማ ይቀመጥ። ካርዱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ክብ ለጥፉ። ሥዕሉ ግን ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ አይወርድም፤ ይህን ገዢው ሳይከፍል በፊት ይወቅ።

ዋጋ ሲተምኑ ተማሪዎች ወይ በጣም ያስወድዳሉ ወይ በነጻ ይሰጣሉ። ለመነሻ ያህል፦ የቁሳቁሱ ወጪ፣ የፍሬሙ፣ ከዚያ የሠራበት ቀን በአንድ የግቢ የጉልበት ሠራተኛ የቀን ክፍያ ተባዝቶ። ከዚያ በታች ከሆነ እየከሰረ ነው። መምህር ስለሆነ ቅናሽ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱን ሠሪው ይስጥ፣ እናንተ አትግቡበት።

ማውረድና ማስረከብ

የማውረጃው ቀን ከመክፈቻው ቀን ጋር አብሮ ይወሰን። ሥራው ሲወርድ ያንኑ ገጽ ክፈቱ፣ ሁኔታውን ባለቤቱ ፊት አመሳክሩ፣ አስፈርሙት። አዲስ ጭረት ካለ ደብቃችሁ አትጠቅልሉት። ያልተወሰደ ሥራ ካለ ደውሉ፣ ካልተገኘ በጽሑፍ አሳውቁ፣ 30 ቀን ስጡ፣ ከዚያ በዝርዝር ለተማሪዎች ዲን አስረክቡ። ዶርማችሁ ወስዳችሁ አልጋ ሥር አታስቀምጡ፣ «ወሰዱት» የሚለው ወሬ ከዚያ ነው የሚነሣው።

ተተኪዎቻችሁን ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ፈልጉ፣ ቢያንስ ሦስት። የመጨረሻውን ኤግዚቢሽን እነሱ ይስቀሉት፣ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። መዝገቡን፣ ሁለቱን ቁልፎች፣ ድሪሉን፣ ውሃ ልኩን፣ የተረፉትን ፊሸሮች ቆጥራችሁ በፊርማ አስረክቡ። የቴሌግራም ቻናሉንም ባለቤትነት ቀይሩ፤ የተመረቀ ሰው ስልክ ላይ የቀረ ቻናል የግቢው ቻናል አይደለም።

ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ድፈኑ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉትና ቀለም ቀቡት። የተረፈውን ቀለም አትጣሉት። ክዳኑን በደንብ ምቱት፣ የቀለሙን ቁጥርና የገዛችሁበትን ሱቅ ስም ቆርቆሮው ላይ በማርከር ጻፉት። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፣ የሚቀጥሉት ልጆች ያንኑ ነጭ ካላገኙ ግድግዳውን በሙሉ እንደ አዲስ ሊቀቡ ነው።